ሦስት ጊዜ ጠራህ

መጋረጃ ሰፊዋ ያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ እናቷን የሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ብርጭቆ በአሮጌ ጋዜጣ ስትጠቀልል አገኘቻት። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ከቁም ሳጥኑ የማይወጡት፣ አፋቸው ዙሪያ የወርቅ ቀለም የተቀቡት ብርጭቆዎች ናቸው። ሟቹ አባቷ በሕይወት ሳለ አንዱን ሰብሮ ሳምንት ሙሉ ተኮርፎበታል። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ዝቅ ያለ ወንበር እንኳ የምትፈራው እናቷ አሁን እግሯን ዘርግታ አንድ በአንድ ትጠቀልላለች፣ በዚያ ላይ ታንጎራጉራለች። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል በጠዋቱ?» ብትላት ቀና ሳትል «ምን እሆናለሁ? እግዚአብሔር ከተናገረ ወዲያ ምን ይጠበቃል። ዕቃ በጥድፊያ ሲያዝ ይሰበራል፤ አስቀድሞ ነው» አለቻት። ጥቂት ቆይታም «አንቺም ለመኪናሽ መጠቅለያ የሚሆን ብርድ ልብስ ፈልጊ» አለች፣ ልጅዋ ለሽርሽር የምትሄድ ይመስል።

መኪና የተባለው የስፌት መኪናዋ ነው። መንገድ ዳር ባለው የፊት ክፍል ተቀምጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን ሳይለየው ዕድሜውን የቆጠረ መኪና ነው። ሰው መጋረጃ ሰፊዋን የሚያውቃት በዚያ ክፍል ነው። አላፊ አግዳሚው ከመስታወቱ ኋላ የተሰቀለውን ናሙና አይቶ ይገባል፣ ጨርቁን በጣቱ ያሻል፣ ዋጋ ሲሰማ «ውይ!» ይላል፣ ወጥቶ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የመስኮቱን ልክ ይሰጣል። ከክፍሉ ወደ ሳሎኑ የሚያሳልፈው በር የለውም፤ እሷው የሰፋችው ወፍራም መጋረጃ ነው የሚለየው። የቀረውን ቤት፣ ቁም ሳጥኑንም፣ የጣሪያውን እንጨትም፣ እናቷ የምትተኛበትን አልጋም፣ አናጢ የነበረው አባቷ በእጁ ሠርቶት ነው የሞተው። የቤቱ ባለቤት በወረቀትም በወግም እናቷ ናት። ያ ቤት በወንድ ልጇ ስም ዞሮ ከተሸጠ እናቷ በስተርጅና የሰው ቤት ኪራይ ልትቆጥር ነው፣ መጋረጃ ሰፊዋም ደንበኛ የማያውቀው ሰፈር ገብታ «መጋረጃ እሰፋለሁ» እያለች በየበሩ ልትዞር ነው።

ነገሩ የመጣው ትናንት ማታ ነው። ድሮ የሶፋ መሸጫ በነበረው የጸሎት አዳራሽ፣ ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድሮ ሳለ፣ ነቢዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ መካከል የሟች ቃል አስሮ የያዛት እናት አለች» አለ። ባሏን የቀበረች ሴት ሁሉ ልቧ ዘለለ። ነቢዩ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ እነሱ ረድፍ መጣና «ባልሽ ይህን ቤት በልጃችን ስም እንዳታደርጊ ብሎሽ ነበር» ሲላት እናቷ ተነስታ ቆመች። «ያ ቃል ተፈቷል ይላል ጌታ። በሆስፒታሉ ክፍል ነበርኩ ይላል። ነፍሱ ስትወጣ የልጁን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። ልጄን ይቅር ብዬዋለሁ አለ። አባት የፈታውን አንቺ የምታስሪው ማነሽ?» እናቷ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። አስተናጋጅ ሆኖ ደረቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለው የመጋረጃ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም፣ ቃሉ የተነገረለት ልጅ፣ ከኋላ በኩል ወለሉ ላይ ተደፋ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እልል ያላለችው መጋረጃ ሰፊዋ ብቻ ነበረች።

እንዴት እልል ትበል? አባቷ ሲሞት በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። እናቷ ልትተኛ ወደ ቤት ሄዳ ነበር። አባቷ የማንንም ስም አልጠራም። ስለ ይቅርታ ያነሳው ነገር የለም። ያንን ቃል የፈጠረችው እሷው ራሷ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ በጎረምሳነቱ የአባቱን የእንጨት መሥሪያ ዕቃ አንድ ሳያስቀር ሸጦ ጠፍቶ ነበር። አባትየው ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራም፣ የልጁንም ስም አላነሳም፤ ሚስቱን ጠርቶ «ቤቱን ለእሱ እንዳትሰጪ፤ ይሸጠዋል፣ እናንተንም አብሮ ይሸጣችኋል» ከማለቱ በቀር። ወንድሟ የአባቱን መታመም ሰምቶ ሲሮጥ የደረሰው ሬሳው ሲገነዝ ነው። በሆስፒታሉ ኮሪደር ሲሚንቶ ላይ ተንከባለለ፤ ግንባሩን ከግድግዳው አጋጨ፤ ደሙ በፊቱ ወረደ። ያን ጊዜ ነው መጋረጃ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ በጆሮው «ስምህን ጠራ። ሦስት ጊዜ ጠራህ። ልጄን ይቅር ብዬዋለሁ በሉልኝ አለ» ያለችው። ልጁ ጸጥ አለ። ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም። እሷም «ይህን ነገር ሆድህ ይቻለው፤ ለእማዬ እንኳ እንዳትነግራት» አለችው፤ እናቷ በምን ድምፅ አለ፣ ወዴት ዞሮ አለ ብላ ስትጠይቅ ዓይኗን አይታ መዋሸት እንደማይሆንላት ታውቃለችና። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል እንዲህ ነው። ለማስታገሻ የተናገረችው ቃል ዓመታት ዞሮ፣ ኮትና ከረባት አድርጎ፣ ማይክሮፎን ይዞ መጣባት።

ቀኑ ግን የሥራ ቀን ነው። ቀጠሮ ስለነበራት የተሰፋውን መጋረጃ አንጠልጥላ ጡረታ የወጡ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህርት ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ፎቅ ላይ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ይኖራሉ፤ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ነው፣ ወንበሩ ሁሉ መጽሐፍ ነው፣ እንግዳ የሚቀመጠው አልጋ ላይ ነው። በትምህርት ቤቱ ሳሉ ሦስት ዳይሬክተር አባርረዋል ይባላል፤ እሳቸው ሲጠየቁ «ሁለቱ በራሳቸው ነው የሄዱት» ይላሉ። መጋረጃ ሰፊዋ መሰላል ላይ ወጥታ ቀለበቶቹን በዘንጉ እያሳለፈች፣ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው፣ «እማማ፣ ነቢይ ሐሰተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለቻቸው።

«ግራው ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርጊው» አሉ መምህርቷ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕጉማ ቀላል ነው። ነቢዩ የተናገረው ሳይሆን ከቀረ ከእግዚአብሔር አይደለም። ችግሩ እስኪሆን የሚጠብቅ የለም ልጄ። ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር አንገቱ ላይ ጭኖ ገና ሰባ ዓመት ለባቢሎን ትገዛላችሁ ሲል፣ ሐናንያ መጥቶ ቀንበሩን ሰበረና ሁለት ዓመት ብቻ ነው አለ። አንቺ ብትሆኚ ለማንኛው ታጨበጭቢያለሽ?»

«ለሁለቱ ዓመት።»

«አየሽ? እኔም አጨበጭባለሁ። ለሐናንያ ቤት ሙሉ ነው፤ ኤርምያስን የሚያውቁት ግንድና ጉድጓድ ናቸው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ስላለፈ ነገር ቢናገርስ? ገና ስለሚሆን ሳይሆን፣ ያልሆነውን ነገር ሆኗል ቢል?» አለች። መምህርቷ በቆሙበት ሆነው የመጋረጃ ሰፊዋን ጀርባ ተመለከቱና «እግዚአብሔር ስላለፈ ነገር አይሳሳትም። የተሳሳተ ነቢይ ካየሽ፣ ያን ስሕተት የነገረውን ሰው ፈልጊ» አሏት። ከዚያ፣ ማስተማር የለመደ ሰው መቼ ያቆማል፣ ስለ አንድ የእግዚአብሔር ሰው ነገሯት። ሰውየው በሄደበት አገር እህል ውኃ እንዳይቀምስ ታዞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነቢይ አህያውን ጭኖ ተከተለውና «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፤ ወደ ቤትህ አምጥተህ አብላው ብሎ መልአክ ነግሮኛል» አለው። ዋሸው። ሰውየው ተመልሶ ገብቶ በላ። ገና ማዕድ ላይ ሳሉ እውነተኛው ቃል መጣ፤ የመጣውም በዋሸው ሽማግሌ አፍ ነው። የታዘዝከውን አልጠበቅህምና በአባቶችህ መቃብር አትቀበርም አለው። ሰውየው ወጣ፣ አንበሳ መንገድ ላይ ገደለው። «ሽማግሌውስ ምን አደረገ መሰለሽ?» አሉ መምህርቷ። «ሬሳውን አንስቶ በራሱ መቃብር ቀበረውና ወየው ወንድሜ እያለ አለቀሰ። እኔ ይህን ሃያ ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን አልገባኝም። አፉ ያው አፍ ነው። ለምን እንደዋሸው መጽሐፉ አይልም። አዝኖለት ይሆናል፤ ራበው ብሎ ይሆናል።»

መጋረጃ ሰፊዋ ከመሰላሉ ወረደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውስጧ የሚነድደው በነቢዩና በወንድሟ ላይ ነበር። አሁን ግን ያ የሽማግሌው ነገር ሆዷ ገባ። አዝና የዋሸች እሷ ናት። አብልታ የላከችው እሷ ናት። የመሰላሉን እግር አጥፋ፣ ክሯን ሰብስባ፣ ሂሳቧን ተቀብላ ስትወጣ መምህርቷ በር ድረስ ሸኟትና «ማን ነው የዋሸብሽ?» አሏት። «ቤተሰብ ነው» አለች። «እንግዲያማ እግዚአብሔር ይርዳሽ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

ከምሳ በኋላ ወደ አዳራሹ ሄደች። የመድረኩን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ነበረች፣ ትናንት በእልልታው መሀል ሰው ተንጠላጥሎበት ጫፉ ስለተቀደደ እንድትጠግነው ተጠርታለች። ቀን ቀን አዳራሹ ባዶ ሲሆን የሶፋ መሸጫነቱ ተመልሶ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ የድሮው የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ ሙጫው አልለቅ ብሎ ግማሹ ቀርቷል። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል ነቢዩ ምሳውን ዳቦ በእንቁላል እየበላ ነበር። ጫማውን አውልቋል፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል። ወጣት ነው፣ መልከ መልካም፣ ትሕትናው ለጉድ። ስታልፍ አይቷት ከመቀመጫው ብድግ አለና «እንደምን ዋልሽ እህቴ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና? አባትሽ እንደምን ናቸው?» አላት።

መጋረጃ ሰፊዋ በቆመችበት ቀረች። ትናንት የአባቷን ነፍስ መውጣት የተረከ ሰው ነው የሚጠይቃት። «ደህና ናቸው» አለች፣ አፏ ከየት እንዳመጣው ሳታውቅ።

«ሰላም በይልኝ» አለና ወደ ዳቦው ተመለሰ።

«አደርሳለሁ» አለች። መቼም ያቺን ሰላምታ ለማድረስ የምትቸኩልበት ምክንያት አልነበራትም። ነቢዩ ላይ መናደድ ፈልጋ አልሆነላትም። በቀን ስንቱን አባት ያስነሳል፣ ስንቱን ይገድላል፤ የየትኛውን ያስታውስ? ለእሱ ሥራ ነው። የነገረው ሰው ግን ረስቶ አይደለም የነገረው።

የነገረው ሰው ከመድረኩ ግርጌ ወንበር እየደረደረ በስልክ ይነጋገር ነበር። ወንድሟ የቤት ደላላ ነው፤ ጠባቡን «ሙቀት ያለው»፣ ጨለማውን «ፀሐይ የማያስቸግረው» ይለዋል። በዚህ ትስቅበት ነበር። አሁን የምትሰፋውን ጫፍ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ስትቆም ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማታል። «አዎ፣ መንገድ ዳር። ማዕዘን ላይ። አናጢ የሠራው ነው፣ እንጨቱ የዛሬ እንጨት አይደለም… የፊት ክፍሉ? ባዶ ነው። ምንም የለበትም፣ የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ለሱቅ ይሆንልዎታል… አይ፣ አሮጊቷ እሺ ብላለች። ነገ ስሙ ይዛወራል፣ ከነገ ወዲያ መፈራረም ነው።» መርፌው ጣቷን ወጋት። ዕድሜዋን የጨረሰችበት ክፍል ባዶ ነው። ምንም የለበትም። እናቷ አሮጊቷ ሆናለች። እዚያው ቆማ ጮክ ብላ ልትጠራው ፈለገች፤ ግን ሥራዋን ጨርሳ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወጣች። ዝም አይነቅዝም ብላ ሳይሆን፣ አፏን ብትከፍት በዚያ አዳራሽ የሚወጣው ድምፅ ምን እንደሚመስል ስለፈራች ነው።

ወደ ማታ ወንድሟ ቤት መጣ፤ ለእናቱ ብርቱካን ይዟል። እናቷ ካርቶኖቹን በግድግዳው ጥግ ደርድራ፣ ፊቷ በርቶ፣ ልጇ ሲገባ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ከትናንት ወዲህ አሥር ዓመት ወጣት ሆናለች። ስለ አዲሱ ኪራይ ቤት ታወራለች። ሁለት ክፍል ነው አሉ፣ ከከተማው ዳር ነው አሉ፣ አየሩ ግን ንጹሕ ነው አሉ። «አሉ» የሚሉት ማን እንደሆኑ መጋረጃ ሰፊዋ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እናቷ ራት ልታሞቅ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ወንድሟን በዓይኗ ጠራችውና ወደ ፊት ክፍሉ ገቡ። መጋረጃውን ከኋላቸው ሳበችው።

«ማን ነገረው?» አለችው።

«ማንን?»

«ነቢዩን። አባዬ ስምህን ሦስት ጊዜ ጠራ ብሎ ማን ነገረው?»

«ምን ማለትሽ ነው እታለም? መንፈስ ነዋ!»

«ያንን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን።»

«እኔ፣ አንቺ፣ እግዚአብሔር። ሦስት ነን» አለ ጣቱን እያጠፈ፣ በደላላ ፍጥነቱ።

«እግዚአብሔርማ አያውቀውም» አለችው። «አልሆነማ። አባዬ ስምህን አልጠራም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ራስህን ልትገድል ነበር፣ አሳዘንከኝ።»

ወንድሟ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ባለቤቱ ሄዶ በሩ ክፍት የቀረ ቤት መሰለ። ከዚያ የመጋረጃ ጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለ። «አሁን ነው የምትዋሺው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ቤቱን ፈልገሽ ነው። ነቢዩ እኮ አይተውታል! እሳቸው አይተውታል!»

«አንተ ነግረሃቸው ነው እንጂ!»

«ነግሬአቸዋለሁ!» አለ። አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ከወጣ ወጣ። «ነግሬአቸዋለሁ፣ አዎ። ለተንኮል አይደለም፤ መጀመሪያ ሲጨንቀኝ ለጸሎት ብዬ ነው። በኋላ… በኋላ የቤቱ ነገር መጣ። ትናንት ግን መድረክ ላይ ሲናገሩት፣ እታለም ሙች፣ እንደ አዲስ ነው የሰማሁት። አባዬ ሲጠራኝ ሰማሁ።» እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። መጋረጃ ሰፊዋ ይህን አልጠበቀችም። ራሱ የነገረውን ነገር ራሱ አምኖ ወለል ላይ የተደፋ ሰው ነው ፊቷ የተቀመጠው። ያ በኮሪደሩ የተንከባለለው ልጅ ተመልሶ መጣባት፤ እጇ ወደ ትከሻው ሊዘረጋ ትንሽ ቀረው። ቢያቆም ኖሮ፣ «ነገ አንሄድም» ቢል ኖሮ፣ ያንኑ ውሸት እንደገና ትነግረው ነበር። እግዚአብሔርም ሰውም ይፍረድባት፣ ትነግረው ነበር።

ያን ጊዜ ቀለበቶቹ ተንሿሹ፤ እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ቆማለች፣ ማንኪያ በእጇ። «ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት በዚህ በተባረከ ቀን?» አለች። መጋረጃ ሰፊዋ ወንድሟን አየችው፤ እሱ ዓይኑን ሰበረ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ሁሉን ነገረቻት፤ ኮሪደሩን፣ ደሙን፣ በጆሮው ያለችውን፣ ዛሬ ከአፉ የሰማችውን። እናቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ታዲያ አባትሽ ምን አለ?» አለች።

«መስኮቱን ዝጊው፣ በረደኝ አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

እናቷ ማንኪያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አንተ፣ ለነቢዩ ነግረኸዋል?»

ወንድሟ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ተነሳ። እህቱን አያት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልክ ለገዢ ቤት ሊያሳይ ሲገባ ጣሪያውን እንደሚያየው አያት። «እኔ?» አለ። «ምኑን ነው የምነግረው እማዬ? እኔ ትናንት ከአንቺ እኩል ነው የሰማሁት። እታለም እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም። በሆስፒታልም፣ በሌላም ቦታ። በአባዬ አጥንት!»

መጋረጃ ሰፊዋ ይዛ የገባችው ሐሳብ ለነቢዩ ተናግሯል የሚል ነበር፤ እሱን ለመስማት ቀኑን ሙሉ ራሷን አዘጋጅታ ውላለች። ይህን ግን አላዘጋጀችም። ያቺን ሕይወቱን ያተረፈችለትን ቃል፣ የሐሰት ብትሆንም ከሆዷ አውጥታ የሰጠችውን፣ አልሰጠሽኝም አላት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። «ወንድሜ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እኔን እይና በለው።» እሱ የእናቱን ክንድ ይዞ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እሷ ግን በዚያች ሰዓት ከአንድ ሆድ መውጣታቸውንም ተጠራጠረች።

እናቷ ሁለቱንም ተመለከተች። «አንቺ በገዛ አፍሽ ዋሽቻለሁ ትያለሽ። እሱ አልዋሸሁም ይላል። ታዲያ ማንኛችሁን ልመን?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። «ራት ቀዝቅዟል፣ ኑ» ብላ መጋረጃውን ለቀቀችው።

በሉ። ምስሩ ጨው በዝቶበታል፤ ማንም አላነሳውም። ወንድሟ ወደ ስም ማዛወሪያው ቢሮ ስለሚወስዳቸው ኮንትራት ታክሲ ተናገረ፣ ጠዋት በር ድረስ ይዞ ይመጣል፣ እናቱ በእግሯ አትንገላታም። እናቷ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው፣ ብርቱካኑን ልጣ ሰጠችው። መጋረጃ ሰፊዋ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚጠቀለል ነገር ሆና ተቀመጠች። ወንድሟ ሲወጣ እናቱን ግንባሯን ሳማት፤ እህቱን «ደህና እደሪ» አላት፣ በሩን እያየ። ጫማው በመንገዱ ጠጠር ላይ ሲርቅ ተሰማ፣ ትንሽ ቆይቶም ስልክ ሲያናግር።

ሴቶቹ ሳህን አጠቡ። ልጅቱ ታጥባለች፣ እናቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታደርቃለች፤ ለዓመታት እንዲህ ነው። የቧንቧው ውኃ ካቆመ በኋላ እናቷ በእጇ ያለችውን ሳህን ደርቃም ደጋግማ ታብሳት ነበር።

«ዘግተሽለት ነበር?» አለች።

«ምኑን?»

«መስኮቱን።»

መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ከሳሙናው አወጣች። «ዘግቼለታለሁ። ብርድ ልብስም ደረብኩለት።»

«ደግ አደረግሽ» አለች እናቷ። «ሲያገባኝ ጀምሮ ብርድ አይችልም ነበር። በጋ አይል ክረምት፣ ሊተኛ ሲል የመጨረሻ ቃሉ እሷው ነበረች። መስኮቱን ዝጊው። አንዳንዴ ተዘግቶም ይላታል።»

«አምነሽኛል ማለት ነው እማዬ?» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ደስታ ነበረው፣ ያ ደስታ ራሱ አሳፈራት። «እንግዲያው ነገ…»

እናቷ ሳህኗን ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች። «አንቺ በእጅሽ ሙያ አለሽ» አለች። «የትም ብትቀመጪ መርፌሽ ያኖርሻል። እሱ ከዚያች ቃል በቀር ምን አለው? ከአፉ ነጥቄ ወዴት ልላከው?»

ልጅቱ የሰጠመውን ለማውጣት እጅ መዘርጋት ከማን እንደወረሰችው አሁን ገባት፤ እናቷ ግን የምትዘረጋው የልጅቱን እንጂ የራሷን እጅ አልነበረም። ቆማ ቀረች፣ ውኃው ከክርኗ ወደ ወለሉ እየተንጠባጠበ። እናቷ በርጩማውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን እያሸች ቀስ ብላ ተነሳች፤ ወደ መኝታዋ ስታልፍ የልጇን ጀርባ መታ መታ አደረገችው።

«ነገ በጊዜ ቀስቅሺኝ፤ ቢሮው ሰልፍ ሳይበዛበት እንድንደርስ» አለቻት።